ጫጩት በመፈልፈያ ማሽን፦ እዚህ ደጋ ላይ የእርጥበቱን ነገር እንዴት እንያዘው

ባለፈው ታኅሣሥ ሱሉልታ እኛ ቤት 60 እንቁላል ማሽን ውስጥ አስገብቼ የወጣልኝ 19 ጫጩት ነው። የቀሩትን በ23ኛው ቀን አንድ በአንድ ስሰብራቸው 26ቱ ውስጥ ሙሉ ጫጩት ነበር። ላባ ያወጣ፣ ምንቃሩ የተሟላ፣ ጥፍሩ ሳይቀር ያደገ። አንዳንዱማ ቅርፊቱን በስቶ ነበር፤ ማታ ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ጸጥ ብሏል። የገንዘቡ ነገር ሌላ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየተነሳችሁ የጠበቃችሁት ነፍስ በመጨረሻዋ ሰዓት ሲሞት ያማል።

ሙቀቱ ደህና ነበር። የገደላቸው ድርቀት ነው። እኔ ደግሞ ከማሽኑ ጋር የመጣው ወረቀት እንዳለው 50 በመቶ እርጥበት ይዤ፣ ውሃ ሳላቋርጥ እየሞላሁ ነበር። እንዴት ሊሆን ቻለ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ዙር እንቁላል ፈጅቶብኛል። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። ሱሉልታም ሁኑ ቡራዩ፣ ሰበታም ሁኑ ለገጣፎ፣ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እንቁላል እየተፈለፈለ ውሃ ማጣት አለበት። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ያስፈልገዋል። ውሃው በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ሲወጣ በሰፊው ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ እየሰፋ ይሄዳል፣ ጫጩቱም ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚያ ኪስ ነው። የዶሮ እንቁላል ከገባበት ቀን እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ 12 በመቶ አካባቢ ቢያጣ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ጫጩቱ ውሃ ውስጥ ይታፈናል። በጣም ከበዛ ደግሞ ገለፈቱ (ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን) ደርቆ እንደ ፌስታል ይጠቀልለዋል፣ መዞርም መስበርም አይችልም።

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእሷም ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳ ቶሎ ያልፋል። ሁለት አንድ ዓይነት እንቁላሎች፣ አንዱን ጅቡቲ አንዱን እዚህ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀትና በአንድ ዓይነት እርጥበት ብታስቀምጡ የእኛው በሲሶ ያህል ፈጥኖ ይደርቃል። ማለትም የማሽኑ ወረቀት ላይ የተጻፈው 50 በመቶ ውሸት አይደለም፣ ግን ለቆላ ሰው የተጻፈ ነው። ደጋ ላይ የምትኖር ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ይህን በተወሰነ ደረጃ ይቋቋማል። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ እንቁላል ግን አይችልም። ስለዚህ እንቁላሉን ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ልዩነት አለው።

ታዲያ ስንት በመቶ እንያዝ? ቁጥር ብቻ ብነግራችሁ አሳስታችኋለሁ። እኔ ጋ የሠራው እናንተ ጋ ላይሠራ ይችላል፤ ማሽኑም፣ ክፍሉም፣ እንቁላሉም ይለያያል። የማይዋሽ አንድ ነገር አለ፤ ሚዛን ነው።

ሚዛኑን ከማሽኑ እኩል ቁጠሩት

በግራም የሚለካ ትንሽ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ግዙ። ከዚያ ሁሉንም መመዘን አያስፈልግም። 10 እንቁላል ምረጡና በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸው፣ እስክሪብቶና ማርከር ይቅር። ከማስገባታችሁ በፊት አሥሩን አንድ ላይ መዝኑና ጻፉ።

550 ግራም ሆነ እንበል። 12 በመቶው 66 ግራም ነው። በ18 ቀን ስታካፍሉት በቀን 3.7 ግራም ያህል ይመጣል። ስለዚህ በ7ኛው ቀን 524 ግራም አካባቢ፣ በ14ኛው 499፣ በ18ኛው 484 መሆን አለበት። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ አሥሩ 420 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መጨረሻው 370 ገደማ ነው። ስሌቱ ያው ነው፣ መጀመሪያ የመዘናችሁትን በ0.88 አባዙት።

በ7ኛው ቀን መዝናችሁ 515 ካገኛችሁ እየደረቀ ነው፤ ውሃ ጨምሩ። 533 ከሆነ ረጥቧል፤ ውሃ ቀንሱ። ሁለትና ሦስት ግራም ወዲህ ወዲያ ቢል አትጨነቁ። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይስተካከላል፦ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የደረቀ እንቁላል በሁለተኛው ሳምንት እርጥበት ጨምራችሁለት 18ኛው ቀን ላይ ትክክለኛው ቦታ ሊደርስ ይችላል። ሳትመዝኑ ግን ይህን የምታውቁበት መንገድ የለም። ከአሥሩ ውስጥ ዘር ያልያዘ ካገኛችሁና ካወጣችሁት ሒሳቡ እንዳይፋለስ መጀመሪያውኑ የእያንዳንዱን ክብደት ለየብቻ መጻፉ ይሻላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

በመብራት ማየትም ይረዳል። ማታ ክፍሉን አጨልማችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ላይ ግጠሙት። በ7ኛው ቀን የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ፣ የአየር ኪሱም ትንሽ ነው። በ18ኛው ቀን ኪሱ የእንቁላሉን ሩብ አልፎ ወደ ሲሶ የሚጠጋ ቦታ ይይዛል፣ ሌላው ጨለማ ነው። በየሳምንቱ የኪሱን ጠርዝ በእርሳስ አስምሩ።

መለኪያው ራሱ ይፈተን

የእኔ ታኅሣሥ ላይ 50 ይል የነበረው የእርጥበት መለኪያ ኋላ ስፈትነው 9 ነጥብ ያህል ከፍ አድርጎ ነበር የሚያሳየው። ማለት 50 ስል የነበረው 41 ነው። በደጋ ላይ 41!

አፈታተኑ ቀላል ነው። የሃይላንድ ክዳን ላይ የወጥ ጨው ሙሉ፣ ጥቂት የውሃ ጠብታ አድርጉበት፤ ጨው እርጥብ ሊጥ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። ክዳኑንና መለኪያውን ሳይነካኩ አንድ የሚገጠም ዕቃ ውስጥ ከታችሁ አፉን ጥርቅም አድርጉና አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 84 ካነበበ ሁልጊዜ 9 ቀንሱለት፣ 70 ካነበበ 5 ጨምሩለት። ወረቀት ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉ።

የሙቀት መለኪያውን ደግሞ በሕክምና ቴርሞሜትር አመሳክሩት፤ ሁለቱንም ጫፎች ለብ ያለ ውሃ ኩባያ ውስጥ አንድ ላይ ያዙ። የሰው ቴርሞሜትር የሚሠራበት ሙቀትና እንቁላል የሚፈልገው ሙቀት መገጣጠሙ ይጠቅመናል። ፋን ላለው ማሽን 37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ነው። ፋን ለሌለው እንቁላሉ ጫፍ ላይ ለክታችሁ 38.5 ገደማ። ሙቀት ከፍ ካለ ድርቀቱም ይብሳል፣ ስለዚህ ሁለቱን ለይታችሁ አትዩ።

ውሃ አጨማመር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እርጥበት የሚጨምረው የውሃው ጥልቀት አይደለም፤ የፊቱ ስፋት ነው። ጠባብ ጣሳ እስከ አፉ ብትሞሉትም ያው ነው። ዝርግ ሳህን ላይ ጣት የማይሞላ ውሃ ብታደርጉ ግን እርጥበቱ ወዲያው ሲወጣ ታያላችሁ። አሁንም ካልበቃ ንጹሕ ስፖንጅ ወይም ቁራጭ ፎጣ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ እንዲሆን አድርጋችሁ አቁሙበት። ለመቀነስ ሲፈለግ ስፖንጁን ማውጣት ወይም ሳህኑን በከፊል መሸፈን ነው።

የምትጨምሩት ውሃ ለብ ያለ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ ማሽኑን ያቀዘቅዘዋል። ክዳን ላለመክፈት ደግሞ ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዝታችሁ በአየር ቀዳዳው በኩል ወደ ሳህኑ አስገቡት፣ ከውጭ በሲሪንጅ ትሞላላችሁ። ይቺ ትንሽ ነገር የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ታድናለች።

እርጥበት ለመጨመር ብላችሁ የአየር ቀዳዳ እንዳትደፍኑ። አደራ። እዚህ ኦክስጅኑም ስስ ነው፣ ፅንሱ ባደገ ቁጥር ደግሞ የሚፈልገው አየር ይጨምራል። ቀዳዳው ተከፍቶ እርጥበቱ ከወረደ መፍትሔው ሰፋ ያለ ሳህን ነው።

በጋና ክረምት

በጋ ሲሆን ድርቀቱ ለሁሉም ይገባዋል። ክረምት ላይ ግን «አየሩ ራሱ ውሃ ነው፣ ማሽኑ ውሃ አያስፈልገውም» የሚል ሰው በጣም ብዙ ነው። ልክ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው። በሐምሌ ዝናብ 15 ዲግሪና 90 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 24 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በበጋ ከሰዓት፣ 22 ዲግሪ ሆኖ 30 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ደግሞ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለቱም ወቅት ውሃ ያስፈልጋል፣ መጠኑ ነው የሚለየው።

እኔ ከታኅሣሡ በኋላ ፈርቼ ሐምሌ ላይ ተቃራኒውን ሠራሁ። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ስፖንጅ፣ ግማሹን ቀዳዳ በፕላስተር ዘጋሁ። መስኮቱ ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ አየዋለሁ። የወጡት ጫጩቶች ሆዳቸው አብጦ፣ እምብርታቸው ሳይዘጋ፣ ሙጫ የነካው ይመስል ተጣብቀው ነው። ብዙዎቹ በሦስት ቀን ውስጥ ሞቱ። የማሽኑ መስኮት ላይ ጤዛ ተሰብስቦ ሲወርድ ካያችሁ፣ ጫጩት የሚወጣበት ቀን ካልሆነ በስተቀር፣ ውሃው በዝቷል ወይም ክፍሉ በጣም ቀዝቅዟል ማለት ነው።

ክፍሉን በተመለከተ፦ የጭቃ ቤት ሙቀት በመያዝ ከቆርቆሮ ግድግዳ ይሻላል። ቆርቆሮ ከሆነ ማሽኑን ከግድግዳው አርቃችሁ፣ ወለሉ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ሌሊቱን የክፍሉ ሙቀት በጣም ከወረደ እርጥበቱም ሙቀቱም አብሮ ይዋዥቃል።

ከመግባቱ በፊት

ይህን በአጭሩ ልለፈው። እንቁላል ከተጣለ ከ7 ቀን ባይበልጥ ይመረጣል፤ እስከዚያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ 15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች። አይታጠብ። በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥቡት ውስጡ ተኮማትሮ ቆሻሻውን በቀዳዳው ይስበዋል። በጣም የቆሸሸውን ተዉት። በሚኒባስ ተንገጫግጮ ከቢሾፍቱ የመጣ እንቁላል ከሆነ ሙሉ ቀን አሳርፉት፣ የአየር ኪሱ ቦታው ይመለሳል። ከቀዝቃዛ ቦታ አውጥታችሁ ወዲያው ሙቅ ማሽን ውስጥ አትክተቱ፤ ያልበዋል፣ ላቡም ጀርም ያስገባል። ማሽኑን በዙር መካከል ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና አጥባችሁ በደንብ አድርቁት።

ማገላበጫ ከሌለው ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ በእጅ አገላብጡ፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት። በአንድ በኩል X በሌላው O ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ለቀን አቆጣጠር እኔ ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ ነው የማስገባው። በሦስተኛው ቅዳሜ ይፈለፈላል፣ ማገላበጥ የሚቆመው ደግሞ ከሱ በፊት ባለው ረቡዕ ነው።

ከ18ኛው ቀን በኋላ

ረቡዕ ማታ የመጨረሻውን መዝኑ፣ በመብራት እዩ፣ የሞተውንና ግሙን አውጡ፣ ማገላበጫውን አንሱ፣ ሳህኑን ሙሉ፣ ክዳኑን ዝጉ። እርጥበቱ አሁን 65 እስከ 70 በመቶ ይሁን፤ እዚህ ደጋ ላይ ወደ 70ው ባዘነብል እመርጣለሁ። የአየር ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ይሁን።

ከዚያ አትክፈቱ። ሌላ ምንም ባትሰሙኝ ይህን ስሙኝ። አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን በስቶ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ክዳኑን ብድግ ካደረጋችሁት እርጥቡ አየር በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ የሌሎቹ የተበሳ ገለፈት በደቂቃዎች ይደርቃል። የእኔ የታኅሣሥ ጫጩቶች ግማሹ በዚህ ነው የሞቱት ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቼ እንዲያዩ አምስት ስድስት ጊዜ ከፍቻለሁ። ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ እስኪወጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። እያረፈ ነው፣ አስኳሉን ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። የወጣው ደግሞ ከዚያ አስኳል ስለሚመገብ አንድ ቀን ማሽኑ ውስጥ ቢቆይ አይራብም። የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ እርጥብ ስለሆኑ መለኪያው 80 ቢል አትደንግጡ፣ ይወርዳል።

ከ24 ሰዓት በላይ ቆይቶ ገለፈቱ ቢጫ ሆኖ እንደ ወረቀት ከደረቀበት ብቻ ጥጥ በለብታ ውሃ ነክራችሁ ገለፈቱን አርጥቡት። ምንቃሩን እንዳትነኩ። ደም ካያችሁ ወዲያው አቁሙና መልሱት፣ ጊዜው አልደረሰም።

መብራት ሲጠፋ

ያለ እሱ ጽሑፉ ጎደሎ ነው፣ የከተማ ዳር ኑሮ ነውና። ክዳኑን አትክፈቱ። ማሽኑን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ግን የአየር ቀዳዳዎቹን በተለይ በመጨረሻው ሳምንት ክፍት ተዉ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ የሚሞቅ እንጂ የማይፈላ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ ሞልታችሁ፣ እንቁላሉን ሳይነካ ጎኑ ላይ አስገቡ። ጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ ብዙውን ጊዜ አይገድልም፣ ያዘገያል እንጂ። መጋል ነው የሚገድለው፤ 40 ዲግሪ እንዳያልፍ። ጎረቤቴ እማማ «ዶሮዋም እኮ ለመብላት ትነሳለች፣ እንቁላሉ ያኔ ይቀዘቅዛል» ብለው ያጽናኑኝ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። በነገራችን ላይ እሳቸው ጋ የምታቅፍ ዶሮ ካለች ረጅም ጊዜ መብራት ሲጠፋ የተወሰነ እንቁላል ከሥሯ አደርጋለሁ። እስከ አሁን ያቀበልኳትን ሁሉ ተቀብላለች።

መብራቱ ብዙ ጊዜ ከጠፋ 21ኛው ቀን ላይ ተስፋ አትቁረጡ። እስከ 23ኛው ቀን ጠብቁ።

ያልተፈለፈለውን ሳትሰብሩ አትጣሉ

ደስ የሚል ሥራ አይደለም፣ ሽታም አለው። ግን ቀጣዩን ዙር የሚያስተካክልላችሁ እሱ ነው። ውጭ ወጥታችሁ በሰፊው ጫፍ በኩል ስበሩ። ምንም ደም የሌለው ጥርት ያለ ከሆነ አውራው ዶሮ አልደረሰበትም ወይም ገና በጠዋቱ ሞቷል፤ እርጥበት አይደለም። ሙሉ ጫጩት ሆኖ የአየር ኪሱ በጣም ሰፊ፣ ገለፈቱ ጠንክሮ ላባው ላይ የተለጠፈ ከሆነ ደርቋል። ሙሉ ጫጩት ሆኖ አብጦ፣ ዙሪያው ውሃ፣ ኪሱ ጠባብ ከሆነ ረጥቧል። ድርቀትም ርጥበትም ሳይታይበት ሙሉ ሆኖ ከሞተ ሙቀቱን፣ አየሩንና ማገላበጡን መርምሩ። የሸተተ ከሆነ ንጽሕና ነው።

ቁጥሩን ከክብደቱ አጠገብ ጻፉት። የእኔ ደብተር ላይ ሦስተኛው ዙር፣ መስከረም የገባው፣ እንዲህ ይላል፦ 60 ገባ፣ 9 ዘር የለውም፣ አሥሩ እንቁላል 541 ግራም ገብቶ በ18ኛው ቀን 477፣ መለኪያው ሲታረም 57 በመቶ፣ 44 ጫጩት። የሞቱት 7 ውስጥ ሁለቱ ደርቀው ነበር። ቀጣዩ ዙር የሚገባው ኅዳር ላይ ነው፤ ያኔ አየሩ ይደርቃል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ሳህን አስገብቼ በ7ኛው ቀን ሚዛኑ የሚለውን አያለሁ።